ንጋቱን ስሠራ

ጥቅምት 9፣ ቅዳሜ

ዛሬ መደርደሪያውን አራግፌ አቧራ ጠረግኩ። እግረ መንገዴን የፕላስቲክ ጀግኖቼን ቆጠርኳቸው፤ 43 ናቸው። አምስት ስፓይደርማን፣ ሦስት ባትማን፣ ሁለት ብላክ ፓንተር፣ ጋሻው የጠፋበት አንድ ካፒቴን አሜሪካ፣ ሌሎችም። ከቆጠራው ውጪ ደግሞ አንድ ግራ እግር አለኝ። የጋላክተስ ነው፤ የማርቭል ኮሚክስ ግዙፍ ገጸ ባሕርይ። ቶይ ቢዝ የሚባለው ኩባንያ በ2005 እ.ኤ.አ. አንድ ዘዴ አመጣ። ግዙፉን ገጸ ባሕርይ ይቆራርጠውና በየሳጥኑ ከሌሎቹ ጋር አንድ አንድ ብልት ይከታል። ሙሉውን የፈለገ ሁሉንም ይገዛል። ልክ እንደ ቅርጫ ነው፤ ለእኔ የደረሰኝ መደብ ግራ እግር ብቻ ሆነ።

እናቴ ሁሉንም በአንድ ስም ነው የምትጠራቸው። አሻንጉሊት። ክርክሩ ከእኔና ከእሷ በፊት የነበረ ነው። ሀስብሮ የሚባለው የአሻንጉሊት ኩባንያ በ1964 እ.ኤ.አ. ጂ.አይ. ጆን ሲያወጣ፣ ወንድ ልጅ አሻንጉሊት አይዝም ተብሎ ስለተፈራ «አክሽን ፊገር» የሚል ስም ወጣለት። 30 ሴንቲሜትር ገደማ የሚሆን፣ ልብሱ የሚቀየር ወታደር ነበር። ይህን ሁሉ ለእናቴ አስረዳኋት። በጥሞና ሰማችኝና «እና ልብሱን ትቀይርለታለህ?» አለችኝ። ክርክሩ እዚያው አለቀ።

አብዛኞቹ የመጡት ከሜሪላንድ በአክስቴ ሻንጣ ነው። አክስቴ ሳጥን አትወድም። ቦታ ይይዛል ብላ ትቀደውና አሻንጉሊቶቹን ካልሲ ውስጥ ትጠቀልላቸዋለች። ሰብሳቢ ያልተከፈተ ሳጥን እንደሚያመልክ ነግሬያታለሁ። «ታዲያ ሳጥኑን ልላክልህ ወይስ ሰውዬውን?» አለችኝ። የቀሩትን ከመርካቶ ነው የገዛሁት። ፎርጅድ ናቸው። ፎርጅድ የሚታወቀው በዓይኑ ነው፤ ቅንድቡ ግንባሩ ላይ፣ የዓይኑ ነጭ ጉንጩ ላይ ይቀባል።

ዛሬ ዓይኔን የያዘው ግን ሌላ ነገር ነው። የብዙዎቹ አካል አንድ ነው። ኩባንያዎቹ ወጪ ለመቆጠብ አንዱን አካል ራሱንና ቀለሙን እየቀየሩ ደጋግመው ያወጡታል። ትከሻው ያው፣ የሆዱ ቋጠሮ ያው። ደግሞ ሁሉም ሊመቱ፣ ሊዘሉ፣ ሊበሩ ነው። ከ43ቱ የተቀመጠ አንድም የለም።

ይህን እንድታዘብ ያደረገኝ ሐሙስ ማታ ነው። አምሽቼ ገባሁ። ከምሽቱ 5 ሰዓት አልፏል። የግቢውን በር ሳንኳኳ የእጅ ባትሪ ዓይኔ ላይ ቦግ አለ። «ማነው?» አሉ የግቢያችን ዘበኛ። የሱፍ ኮፍያቸው እስከ ቅንድባቸው ወርዷል። ጋቢው አፍና አፍንጫቸውን ሸፍኗል። የሚታየው ዓይናቸው ብቻ ነው። የጥቅምት ብርድ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። እኔ ግን ደርቄ ቀረሁ። ካባ አለ። ጭንብል አለ። ከእጅ የሚወጣ ብርሃን አለ።

«አንተ ነህ እንዴ! ግባ፣ ብርዱ ይመታሃል» አሉኝ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ጥቅምት 10፣ እሁድ

ቀኑን ሙሉ ንድፍ ስስል ዋልኩ።

ኢትዮጵያዊ ጀግና ሳሉ ስንባል እጃችን ወደ አንበሳ ይሮጣል። ደረቱ ላይ አንበሳ፣ ክንዱ ላይ ጋሻ፣ ከኋላው የአክሱም ሐውልት። እኔም ስምንተኛ ክፍል ሆኜ የሳልኩት ጀግና አንበሳ ነበረው። አንበሳው ድመት ይመስል ነበር። ዛሬ ደረቱ ላይ ምንም አላደርግም ብዬ ወሰንኩ። የካፖርት ቁልፍ ይበቃዋል።

አማርኛ የሚናገር ልዕለ ጀግና አዲስ ነገር አይደለም። ኢታን ኮሚክስ በ2018 እ.ኤ.አ. «ጀምበር» የተባለውን የልዕለ ጀግና ኮሚክ በአማርኛም በእንግሊዝኛም አውጥቷል። ስለዚህ እኔ የመጀመሪያው ነኝ የማለት ጣጣ የለብኝም። ይሄ ያቀላል። የመጀመሪያ የሆነ ሰው አገሩን ሁሉ መሸከም አለበት፤ የኔ ሰውዬ አንድ ግቢ ብቻ ነው የሚጠብቀው።

ስሙ ቶሎ መጣ። ሌሊት የሚሠራ ሰው ምን ይባላል? ንጋቱ። «ካፒቴን» የለ፣ «ዶክተር» የለ። ቢበዛ ጋሽ ንጋቱ።

ኃይሉ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። መብረር አይሆንም፤ በስልሳ ዓመቱ ምን ሊያደርግ ይበራል? በመጨረሻ እንዲህ ሆነ፦ ዓይኑን እስካልከደነ ድረስ ባትሪው ያረፈበትን መሬት ክፉ ነገር አያልፈውም። ድክመቱ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው። ሌሊት የሠራ ሰው ያቺን ሰዓት ያውቃታል።

ከዚያ የጥላ ፈተና። ንድፉን ከላይ እስከ ታች በጥቁር ትሞላዋለህ። ማን እንደሆነ ከታወቀ ሠርቷል ማለት ነው። ለባትማን ሁለቱ ጆሮዎች ይበቃሉ። የኔን ጥቁር ቀባሁና ለእህቴ ልጅ አሳየኋት። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ምሕረት የላትም።

«ድንች ነው?»

በጋቢ የተጠቀለለ ሰው በእርግጥም ድንች ይመስላል። ዱላ ጨመርኩ። አሁንም ድንች፣ ዱላ ያለው። በርጩማ ላይ አስቀመጥኩትና ጉልበቱን ከጋቢው አወጣሁት። ባትሪ የያዘ እጁን ወደ ፊት ዘረጋሁ። «የበር ጠባቂ!» አለች። ስድስተኛው ወረቀት ላይ ነው።

ጥቅምት 16፣ ቅዳሜ

ዛሬ ሂሳብ ነው። መደርደሪያዬ ላይ ያሉት በብዛት ባለ 6 ኢንች ናቸው። የሰው አንድ አሥራ ሁለተኛ መሆናቸው ነው። 6 ኢንች 15.2 ሴንቲሜትር፤ በ12 ሲባዛ 183 ሴንቲሜትር ገደማ። ቅርጫት ኳስ ተጫዋች አይደለም የምሠራው። ንጋቱ 168 ቢሆን ነው። 168 ለ12 ሲካፈል 14 ሴንቲሜትር። ስለዚህ ከአንድ ሴንቲሜትር በላይ ከእግሩ ይሄዳል።

ራስም አለ። ኮሚክ ላይ ጀግና ሲሳል ቁመቱ የራሱን ስምንት እጥፍ ይሆናል፤ አንዳንዴም ከዚያ ይበልጣል። ተራ ሰው ሰባት ተኩል አካባቢ ነው። ንጋቱን ከነኮፍያው ሰባት ላደርገው ነው። ራሱ ተለቅ ሲል ሰውየው ያጥራል፣ ደግሞ ደግ ይመስላል። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ዝም ብለህ ሞክረው።

ለመሥዋዕት የተመረጠው ከመርካቶ የመጣው ስፓይደርማን ነው። ቀጭን ነው። ስፓይደርማን ሲቆናጠጥ የሚኖር ስለሆነ ጭኑና ጉልበቱ በደንብ ይታጠፋል። የባትማን ደረት ካፖርት ለብሶ ቢቀመጥ ቁም ሣጥን ነው የሚመስለው። አንድ ችግር ብቻ አለ፦ እጆቹ። ሁለቱም ድር የሚተፉ ናቸው፤ መሐል ጣቶች ታጥፈው የዳሩ ቀጥ ያሉ። ዘበኛዬ በዚህ እጅ ባትሪ አይዝም። ከተሰበረ ባትማን የጨበጠ እጅ ተዋስኩ። አይመለስም እንጂ ተዋስኩ ልበል።

ጥቅምት 23፣ ቅዳሜ

ለቡና የጣድኩትን ውሃ ቀንሼ ሰውዬውን ነከርኩት። ለስላሳው ፕላስቲክ ሙቅ ውሃ ውስጥ ሁለት ደቂቃ ሲቆይ ይላላል። ራሱንም እጁንም ጎትቶ ማውጣት ነው። ሳይሞቅ ከጎተትከው መገጣጠሚያው ይሰበርና ውስጥ ይቀራል። ይህን የተማርኩት በካፒቴን አሜሪካ ነው፤ ነፍሱን ይማር።

እግሩን ከባቱ ላይ በሴጌቶ ቆረጥኩ። ከእያንዳንዱ እግር 6 ሚሊሜትር፣ እንደገና 6 ሚሊሜትር። መሐሉን በመርፌ በስቼ የወረቀት ማያያዣ ሽቦ ከተትኩና በሱፐር ግሉ አጣበቅኩት። ሲደርቅ አቆምኩት። ዘመም አለ። ግራው በሁለት ሚሊሜትር ይረዝማል። የቀኙን ቦት ሶል አወፍራለሁ ብዬ ተውኩት። በእውነቱ ዘበኛ ትንሽ ቢያነክስ ምን አለበት።

ጥቅምት 30፣ ቅዳሜ

ፊት።

ከሕንፃ መሣሪያ መደብር ባለ ሁለት ክፍል ኢፖክሲ ገዛሁ። የቧንቧ ሠራተኞች የሚያፈስ ቱቦ የሚደፍኑበት ነው። ሁለቱን ቀላቅለህ እንደ ሊጥ ታሽዋለህ። ያልተነገረኝ በአምስት ደቂቃ ድንጋይ እንደሚሆን ነው። አፍንጫውን ሳልጨርስ ደረቀ። ፒንሳ ይዤ አፍንጫ ስነቅል አመሸሁ። ይህን ሥራ የሚሠሩ ሰዎች የሚጠቀሙት ቀስ ብሎ የሚደርቀውን ነው፤ አንድ ሁለት ሰዓት ያጫውትህና በማግስቱ ይጠነክራል። አክስቴ ባለፈው ከካልሲው ጋር የላከችው ትንሽ ነበረኝ። እሱን ከፈትኩ።

እዚህ ላይ ጋቢው አዳነኝ። ፊት መቅረጽ አልችልም። ከንፈር ስሠራ ዳክዬ ነው የሚወጣልኝ። ንጋቱ ግን ኮፍያው እስከ ቅንድብ ነው፣ ጋቢው እስከ አፍንጫ። የሚታየው የዓይን ዙሪያ ብቻ ነው። አንድ ሴንቲሜትር ስፋት፣ ግማሽ ሴንቲሜትር ቁመት። በስቴኪኒ ጫፍ ሁለት የዓይን ጉድጓድ ወጋሁ፤ ከሥራቸው ከረጢት አደረግኩ። ከዓይኑ ጥግ ሦስት ሦስት መስመር ሳብኩ። ሦስተኛውን መስመር ስስብ ድንገት አርጅቶ አየኝ። ደነገጥኩ።

ኮፍያውንም በስቴኪኒ ነው የጠለፍኩት። ትንንሽ ቪ፣ ጎን ለጎን፣ ረድፍ በረድፍ። ሁለት መቶ ገደማ ሲሆን መቁጠር አቆምኩ።

ኅዳር 3፣ ማክሰኞ

ካፖርት። ከላይ፣ ደረትና እጅጌው፣ ስስ አድርጌ የዳመጥኩት ኢፖክሲ ነው። ከወገብ በታች ግን እሱ ቢሆን ደርቆ ሰውየው መቀመጥ ያቅተዋል። ከአሮጌ የእጅ ቦርሳ ስስ ቆዳ ቆርጬ ለጠፍኩለት። ይታጠፋል።

ቀለሙ አመድማ ነው። ቆርቆሮ ስፕሬይ ነበረኝ፣ ለብረት በር የሚሆን። ሙሉ አካሉን ነፋሁት። አምሮበታል!

ኅዳር 7፣ ቅዳሜ

አልደረቀም።

ኅዳር 10፣ ማክሰኞ

አልደረቀም። ስነካው አሻራዬ ይቀራል። ምክንያቱ ፕላስቲኩ ነው። ለስላሳው ፕላስቲክ እንዲለሰልስ ውስጡ ቅባት ነገር ይጨመርበታል። ያ ነገር ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣል፤ አንዳንዱ የስፕሬይ ቀለም ከሱ ጋር ሲገናኝ እስከ መቼም ሙጫ ሆኖ ይቀራል። ብዙ ዓመት የተቀመጡ አሻንጉሊቶች እጅ ላይ የሚጣበቁትም በዚሁ ነው፤ እነሱን በሳሙና ማጠብ ይበቃል። የኔ ግን አይታጠብም። ነፋስ ካገኘው ይሻለው ይሆናል ብዬ በረንዳ ላይ አወጣሁት።

ኅዳር 12፣ ሐሙስ

ዛሬ ኅዳር ሲታጠን ነው። ረስቼዋለሁ!

አዲስ አበባ ውስጥ ያደገ ሰው ይህን ቀን እንዴት ይረሳል? በየደጁ ቆሻሻ ይከመራል፣ ይቃጠላል። በ1911 ዓ.ም. የገባው የኅዳር በሽታ፣ ዓለምን ያዳረሰው ያ ጉንፋን፣ ሰዉን ከጨረሰ ወዲህ እስከ ዛሬ ጭሱ አልቀረም። ማልጄ ወጥቼ ማታ ስመለስ ሰፈሩ በጭስ ታፍኗል። በረንዳው ላይ ንጋቱ ቆሟል። ያልደረቀው ቀለም የሰፈሩን አመድ ሁሉ ሰብስቧል። ዓይኑ ጉድጓድ ውስጥ የተቃጠለ የፌስታል ቁራጭ አለ።

አመድማ ቀለም ፈልጌ አመድ አገኘሁ። እናቴ አየችውና «ይሄስ ታጥኗል፣ በሽታ አይነካውም» ብላ ሳቀች። እኔ ለመሳቅ ሁለት ቀን ፈጀብኝ።

ኅዳር 14፣ ቅዳሜ

በጥጥና በአልኮል ጠረግኩት። አራት ሰዓት። አንድ ጓደኛዬ «ለምን በአሴቶን አታለቅቀውም?» ብሎኝ ነበር። አሴቶን ቀለሙን ብቻ አይደለም የሚያለቅቀው፤ ፕላስቲኩንም ይበላዋል። ከዚያ በላርጎ አጠብኩት፣ አደረቅኩት። ጉልበቱንና ክርኑን በብርጭቆ ወረቀት ሞረድኩ። መገጣጠሚያው ካልተሞረደ ሲታጠፍ ቀለሙን ፍቆ ያወርደዋል። አሁን አክሪሊክ ነው፣ ውሃ የበዛበት፣ ስስ ስስ አድርጎ አምስት ጊዜ። በየመሐሉ በፎን አደርቀዋለሁ። ቀስ ያለ ሥራ ነው፤ ግን ይደርቃል።

ካፖርቱ ቆዳ ላይ የቀረውን አመድ አልጠረግኩትም። ተስማምቶታል።

ኅዳር 21፣ ቅዳሜ

ጋቢ። ይህን ሥራ የጀመርኩት ለዚህ ቀን ነው ማለት ይቻላል።

የጨርቅ ልብስ የለበሱ ጀግኖች ድሮም ነበሩ። ሜጎ የሚባለው ኩባንያ ከ1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 20 ሴንቲሜትር የሚሆኑ ጀግኖችን በተሰፋ ልብስ አውጥቷል። ፎቷቸውን ስታይ ፒጃማ የለበሱ ይመስላሉ። ሰውን አሥራ ሁለት ጊዜ ማሳነስ ትችላለህ፤ ክርን አትችልም። ጨርቁ ባለበት ውፍረት ይቀራል፣ ክብደት ስለሌለው አይወርድም፣ ይንሳፈፋል። ጋቢ ደግሞ አራት ድርብ ነው። አራት ድርብ በዚህ መጠን ፍራሽ ይሆናል።

መጀመሪያ ከአዲስ ነጠላ ቆረጥኩ። እንደ ድንኳን ተወጥሮ ቆመ። ቀጥሎ ከፋርማሲ ፋሻ ገዛሁ። ሽመናው ክፍት ክፍት ስለሆነ ከሩቅ የፈትል ልብስ ይመስላል። የእህቴ ልጅ አየችውና «ማን መታው?» አለች። ተውኩት። በመጨረሻ እናቴ ቅቤ የምታጠልበትን አሮጌ ነጠላ አወጣችልኝ። የአያቴ ነበር። ከመታጠብ ብዛት ወፍ ላባ ሆኗል። መዳፍ የምታህል ቆርጣ ሰጠችኝ። እስካሁን ኮረሪማ ይሸታል።

ጥለቱ ላይ ተጨቃጨቅን። አራት ሴንቲሜትር ጥለት በዚህ ልክ ሦስት ሚሊሜትር ከምናምን ነው። እናቴ አረንጓዴ ክር በመርፌ ሁለት ረድፍ አሳለፈችበትና ጨረሰችው። አሻንጉሊት ያለችው ሰው ላይ ማለት ነው።

አልብሼው በርጩማው ላይ አስቀመጥኩት። የሆነ ነገር ቅር አለኝ። ምን እንደሆነ አጣሁት። ከምሽቱ 3 ሰዓት አካባቢ ይዤው ወደ በሩ ወረድኩ።

«ጋሼ፣ አንዴ ይዩልኝ።»

መዳፋቸው ላይ አስቀመጡት። ባትሪያቸውን አበሩበት። አገላበጡት።

«ይሄ ማነው?»

«ዘበኛ ነው።»

ሳቁ። «ጋቢውን ማነው ያለበሰው?»

«እኔ ነኝ።»

«እሱማ ያስታውቃል። ልጄ፣ እንዲህ ተጀቡኖ ከተቀመጠ ሌባው መጥቶ፣ ቆልፉን ፈቶ፣ ዕቃውን ተሸክሞ ሲወጣ እሱ ገና እጁን እየፈለገ ነው።»

የራሳቸውን ጋቢ ከላያቸው አወረዱ። ብርዱ ውስጥ ሹራባቸውን ብቻ ለብሰው ቆሙ። ከዚያ ቀስ እያሉ አሳዩኝ። አንዱን ጫፍ ከቀኝ ብብታቸው ሥር አሳልፈው በግራ ትከሻቸው ወደ ኋላ ጣሉት። ቀኝ እጃቸው ነፃ ቀረ፤ ዱላው እዚያ ነው ያለው። ሌላውን ጫፍ ሽቅብ ስበው አፍንጫቸውን ሸፈኑና አንገታቸው ሥር ወተፉት። ሲቀመጡ ደግሞ ከኋላ የወረደውን ሰብስበው ከሥራቸው አጠፉት።

«ብርዱ ከላይ አይደለም የሚገባው። ከታች ነው» አሉ።

ወደ ቤት ስመለስ ደረጃውን እየሮጥኩ ነው የወጣሁት። ኮላ አንድ እጅ፣ ውሃ ሁለት እጅ። ጨርቁን ነክሬ ጨምቄ እንዳሳዩኝ አለበስኩት። እጥፋቶቹን በስፒል ያዝኳቸው። ከሥሩ አጠፍኩለት። ያ ቅር ያለኝ ነገር ጠፋ። ሰውየው በርጩማው ላይ ተቀመጠ፤ ቀድሞ ተደግፎ ነበር።

ኅዳር 28፣ ቅዳሜ

ብርሃን። ሦስት ሚሊሜትር የምታህል ኤልኢዲ አምፖል፣ ከተበላሸ የቻይና መጫወቻ የወጣች። ሲአር 2032 የምትባለዋ የሳንቲም ባትሪ 3 ቮልት ስለሆነች ነጭ ኤልኢዲ ብቻዋን ታበራለች። ባትሪዋ 20 ሚሊሜትር ስፋት አላት። በ12 ስታባዛው 24 ሴንቲሜትር፤ የበርጩማ መቀመጫ ልክ! አስቤበት አልነበረም። መቀመጫውን ፈልፍዬ ውስጡ ደበቅኳት። ሽቦው ደግሞ ከሥሩ በታጠፈው ጋቢ ውስጥ ገብቶ፣ በጀርባው ወጥቶ፣ በእጅጌው ይወርዳል። ጋሼ ያንን እጥፋት ባያሳዩኝ ሽቦውን የት እንደማደርገው አላውቅም ነበር።

የእጅ ባትሪው አካል የእስክሪብቶ ቱቦ ነው። ሲበራ የሆስፒታል መብራት መሰለ፣ ሰማያዊ። የአምፖሏን አናት በቢጫ ማርከር ቀባሁት። አሁን ልክ ነው።

ታኅሣሥ 5፣ ቅዳሜ

አንድ ገጽ ኮሚክ ሳልኩለት። አራት ክፍል ብቻ።

ድምፆቹን ስጽፍ ያደርኩት በደስታ ነው። እንግሊዝኛው «ባም» ይላል፣ «ፓው» ይላል። እኛ ጋ በር ጥርቅም ይላል፣ ማጠፊያው ሲጢጥ ይላል፣ ዱላ ቋ ይላል፣ ቅጠል ኮሽ ይላል። ድምፅ የሌለው ነገር ሳይቀር ድምፅ አለው። መብራት ድርግም ይላል። ሰው ክው ይላል። ሌባ ሹልክ ይላል፣ ብቅ ይላል፣ እልም ይላል። ሹልክን ከሌባው እግር ሥር በቀጭን ፊደል ጻፍኩት፣ እየተንሸራተተ።

የንግግሩ አረፋ ግን አስቸገረ። የእንግሊዝኛ ኮሚክ በብዛት በትልልቁ ፊደል ብቻ ነው የሚጻፈው። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የለውም፤ ለጩኸት ማወፈር ነው ያለህ። ቃሉም ረጅም ነው። «እንዳታመልጠኝ» ብለህ ስትጽፍ አንድ ቃል አረፋውን ሞልቶ ያድራል። ስለዚህ ንጋቱ አንድ ነገር ብቻ እንዲል አደረግኩ። «ማነው?»

ማተሚያ ቤት ወሰድኩት። አመድማው ካፖርት አረንጓዴ ሆኖ ወጣ። ልጁን «ይሄ ግራጫ ነበር» አልኩት። «ማሽኑ ነው» አለኝ። ልናደድ ስል ትዝ አለኝ። ሀልክም በመጀመሪያው ዕትሙ፣ በ1962 እ.ኤ.አ.፣ ግራጫ ነበር። ማተሚያው ግራጫውን አንዱ ገጽ ላይ ጠቆር፣ ሌላው ላይ ፈዘዝ እያደረገ ስላስቸገረ በሁለተኛው ዕትም አረንጓዴ አደረጉት። እንደዚያው ሆኖ ቀረ። እኔ ግን አረንጓዴ ዘበኛ አልፈልግም። ግራጫውን በጥቁር ነጠብጣብ ለውጬ እንደገና አሳተምኩ፤ ድጋሚ ከፈልኩ።

የእህቴ ልጅ ገጹን አነበበች። ኮሽ። ዓይኖች። ብርሃን፣ «ማነው?» ከዚያ ሌባው እልም።

«በምን መታው?»

«አልመታውም።»

«ታዲያ ምን አደረገው?»

«ማነው አለው።»

ገጹን ገልብጣ ጀርባውን አየች። ባዶ ነው። «በቃ?»

«በቃ።»

አልተዋጠላትም። ወረቀቱን ግን ይዛው ሄደች።

ታኅሣሥ 12፣ ቅዳሜ

ተጠናቀቀ ብዬ ነበር። በርጩማውን ከነሰውየው ጣውላ ላይ አጣበቅኩ። ዱላውን ከስቴኪኒ ሠርቼ አስያዝኩት፣ ሁለት ጊዜ ጠፍቶብኝ። መደርደሪያው ላይ ከሁለቱ ብላክ ፓንተሮች መሐል ቦታ ለቀቅኩለት። እነሱ ሊዘሉ ነው፣ እሱ ተቀምጧል። ማታ መብራት አጥፍቼ የሱን አበራሁ። የባትሪው ክብ የካፒቴን አሜሪካ እግር ላይ አረፈ።

ቃል ገብቼ ስለነበር ወደ በሩ ይዤው ወረድኩ። ጋሼ ተቀበሉኝ። ዝም ብለው ብዙ አዩት። ጋቢውን በጣታቸው ጫፍ ነካ አደረጉ። ከሥር መታጠፉን አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አሁን ሰው ሆኗል። ራዲዮኑስ?»

«የምን ራዲዮ?»

ከበርጩማቸው ሥር ያለውን ትንሽ ራዲዮ በዱላቸው አሳዩኝ። በሹክሹክታ ያወራል። በየቀኑ በዚያ በር ስገባ ስወጣ አላየሁትም።

«ያለ ራዲዮ 10 ሰዓትን በምን ያልፋታል?»

18 ሴንቲሜትር ቢሆን ነው። ለ12 ሲካፈል አንድ ተኩል። አንቴናው መርፌ ይሆናል። ኢፖክሲው አልቋል፤ ከመደርደሪያው ላይ የጋላክተስን ግራ እግር አወረድኩ። ተረከዙ ላይ ለአንድ ራዲዮ የሚበቃ ፕላስቲክ አለ። ሴጌቶውን እየፈለግኩ ነው።